ሀረጎ ላይ ያለው አስፋልት ለምን አይከርምም?

ሰላም የዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ ሒሳብ የማስተምረው ደሴ። ስለዚህ በመሐል ያለውን የሀረጎን ዳገት ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ። ዳገቱ ላይ ጎማ የሚረግጠው ቦታ እንደ ቦይ ጎድጉዷል። ሚኒባስ እዚያ ውስጥ ከገባ መሪው አይታዘዝም። ከዚያ ከፍ ብሎ አንድ ኩርባ አለ። እሱ ላይ ደግሞ በየክረምቱ ጉድጓድ ይወጣል። መስከረም ላይ ይደፈናል፤ ሐምሌ ሲመጣ እንደገና ይከፈታል። እኔ ራሴ አራት ክረምት ቆጥሬያለሁ። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤቴ ልጅ በሞተር ሲያልፍ እዚያው ወድቆ እግሩ ተሰብሯል።

የእኔ ሐሳብ አስፋልቱ ስስ ነው የሚል ነው። አሥር ሳንቲሜትር ቢጨመርበት እንገላገላለን እላለሁ። ግን ባለሙያ አይደለሁም። መንገድ ዕድሜው እንዲረዝም ምርምር የሚያደርጉ ሰዎች ምን ይላሉ? የምታውቁ ጀባ በሉኝ።

ይህን የለጠፍኩት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነበር። አሁን መልሱ 33 ደርሷል። ሁሉንም ማንበብ ከበደን የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር እየጻፉልኝ ነው። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። የእኔም ሐሳብ መሐል ላይ ተቀይሯል።

1ኛው መልስ የአንድ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ቤተሰብ ጠይቆ፣ ዱዓ አድርጎ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። አስፋልቱ ስስ ነው በሚለው ተስማማ። ነገር ግን እኔ በየቀኑ እያለፍኩ ልብ ያላልኩትን አንድ ነገር ጨመረ። ቦይ የሠራው ወደ ደሴ የሚወጣው መስመር ብቻ ነው አለ። የሚወርደው ደህና ነው። በማግስቱ ጠዋት መስኮት ዳር ተቀምጬ አየሁ፤ እውነቱን ነው። ሁለቱም መስመሮች ባንድ ጊዜ የተነጠፉ ናቸው። ቅጥነት ብቻ ቢሆን ሁለቱም በጎደጎዱ ነበር።

ለዚህ መልሱ 2ኛው ላይ አለ። የጻፈችው የሲቪል መሐንዲስ እህታችን ናት። ሬንጅ እንደ ብረት አይደለም አለች። ፈጥኖ የሚያልፍ ጭነት ሲያገኘው እንደ ጠጣር ይመልሰዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጭነት ሲጫነው ግን እንደ ማር ይፈሳል። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጣ ተሳቢ ሙሉ ጭነት ይዞ ሀረጎን ሲወጣ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ይቆያል። በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ ጥቁሩን አስፋልት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው ይችላል። የሚወርደው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ባይሆንም ፈጥኖ ያልፋል። ለዚህ ውፍረት መጨመር መድኃኒት አይሆንም ብላ ነው የዘጋችው። ያው የሚፈሰው ነገር በዛ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቅይጡ፣ ማለትም የጠጠሩና የሬንጁ ድብልቅ ላይ ነው። ጠጠሩ በደንብ የተፈጨ፣ ጠርዙ ስል የሆነና እርስ በርሱ የሚቆላለፍ መሆን አለበት። የወንዝ አሸዋ መቀነስ አለበት። ሬንጁም ጠንከር ያለ መሆን አለበት።

ስለ ሬንጅ ጥንካሬ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ25 ዲግሪ ሙቀት 100 ግራም የተጫነበት መርፌ ሬንጁ ላይ ለ5 ሴኮንድ ይለቀቃል። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ከገባ 60/70 ይባላል። ከ8 እስከ 10 ከገባ 80/100 ነው፤ ይኼኛው ለስለስ ያለ ነው። አሜሪካኖች ግን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ 150 ሚሊዮን ዶላር መድበው ባካሄዱት የመንገድ ምርምር ሌላ ዘዴ አመጡ። ሬንጁ የሚመረጠው መንገዱ በሚሠራበት ቦታ ሙቀትና ብርድ ነው። ይኼ ለእኛ አገር ስንት ነገር እንደሚያስተምር አስቡት። ደሴ ሌሊት ጋቢ ደርበን እንተኛለን። ባቲ ላይ በዚያው ሌሊት አንሶላ ይሞቃል። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓየር ያለው አገር ላይ አንድ ዓይነት ሬንጅ ማንጠፍ አይሆንም።

3ኛው መልስ በቁጣ ነው የገባው። ይሄ ሁሉ ተረት ነው አለ። መንገድ የሚፈርሰው ስለሚሰረቅ ነው፣ ሳይንስ እያላችሁ ሌባ አትሸፍኑ አለ። የተቆረሰ አስፋልት በስንዝሩ ለክቶ ግማሽ እንኳ እንዳልሆነ ማየቱን ጻፈ። የአንድ ተቋራጭ ስምም ጠርቶ ነበር። 4ኛው ላይ የመድረኩ ኃላፊ ስሙን አጠፋውና ማስረጃ ያለው ሰው ለሚመለከተው አካል ያቅርብ ብሎ በትሕትና አሳሰበ። እኔ የ3ኛውን ሰው ንዴት እረዳዋለሁ። ልጅ እግሩ ሲሰበር ያየ ሰው ይናደዳል።

5ኛው መልስ ከሁሉም ይረዝማል። የጻፈው የአፈርና የአስፋልት ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ለ3ኛው መልስ ሲመልስ ስርቆት የለም አላለም። ግን ምንም ሳይሰረቅ፣ ውፍረቱም ልክ ሆኖ መንገድ ሊሞት ይችላል አለ። አንድ ጊዜ ጉጉፍቱ አካባቢ የነበረውን አጫወተን። ሙቁ ቅይጥ ከማምረቻው በገልባጭ መኪና ነው የሚመጣው። ያን ዕለት ጠዋት ንፋሱ ፊት ይላጫል። መኪናው መንገድ ላይ ቆየ፣ ሸራውም በደንብ አልተሸፈነም። ቅይጡ ሲነጠፍ ወደ 140 ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። ሮለሩም ወደ 80 ከመውረዱ በፊት ሥራውን መጨረስ አለበት። ያን ቀን ሮለሩ ሲደርስ ጠርዙ ላይ ያለው ደርቆ ነበር። ቢመላለስበትም አልጠቀጠቅ አለ። ከላይ ሲታይ ግን ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ማንም ሰው ቆንጆ መንገድ ይለዋል።

ጉዳቱ ያለው ውስጡ በቀረው ዓየር ላይ ነው። ቅይጡ ሲነደፍ 4 ከመቶ ክፍተት እንዲኖረው ይታሰባል። ሮለር ሲጨርስ 7 ከመቶ አካባቢ ይቀራል፤ ቀሪውን መኪና ራሱ እየረገጠ ይጨርሰዋል። ከ8 ሲያልፍ ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ያኔ ውሃ ገብቶ ሬንጁን ከጠጠሩ ላይ ይልጠዋል። ጥናቶች ያወጡት የታወቀ ግምት አለ። ከ7 በላይ በሚጨመር በእያንዳንዱ 1 ከመቶ ክፍተት መንገዱ የዕድሜውን 10 ከመቶ ያህል ያጣል። 10 ከመቶ ክፍተት ያለው አስፋልት ገና ሳይመረቅ ሲሶ ዕድሜው ሄዷል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው አሥር ሳንቲሜትር ይጨመር ማለቴን የተውኩት።

ከ6 እስከ 9 ያለው ጠብ ነበር፤ ግን ጥሩ ጠብ። 6ኛው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሁልጊዜ ከባድ መኪና ላይ ነው የምትለጥፉት፣ የሚጭነው ባለ ንብረቱ ነው፣ ሚዛን ላይ የሚቀጣው ሹፌሩ ነው ብሎ አማረረ። 7ኛው መሐንዲሷ እህታችን ናት፣ ተመልሳ መጣች። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የተደረገውን ሙከራ ተረከችልን። 6 ቀለበት መንገድ ሠሩ። አምስቱ ላይ ክብደታቸው የታወቀ መኪናዎች ሁለት ዓመት ያህል ተመላለሱ። የሚነዱት ወታደሮች ነበሩ። አንዱ ቀለበት ላይ ምንም መኪና አልሄደም፤ ዓየሩ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። ከዚያ የወጣው ሕግ ጉዳቱ በአክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ባረፈው ክብደት አራተኛ ኃይል ያድጋል የሚል ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል።

8ኛው መልስ ይህንን አረመ። አራት የሚለው ቁጥር ከአንድ ቦታ የተገኘ አማካይ ነው አለ። በእኛ አገር የመንገድ ንድፍ መመሪያ ላይ የሚሠራው 4.5 ነው። የሌላው ጉዳት የሚለካበት መደበኛ አክስልም 8.16 ቶን ነው። ሒሳብ ስለሆነ እኔ ገባሁበት። 13 ቶን የተጫነበት አክስል በ4 ከተሰላ 6.4 መደበኛ አክስል ያህል ይጎዳል። በ4.5 ከተሰላ ከ8 ያልፋል። ከዚያ ደግሞ 1 ቶን ብቻ የሚያርፍበትን የትንሽ መኪና አክስል አሰላሁ። በአራተኛው ኃይል አንዱ ባለ 13 ቶን አክስል የሚያደርሰውን ለማድረስ ትንሿ 28,561 ጊዜ ማለፍ አለባት። ይህንን ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሠርቼላቸው ዝም አሉ። 9ኛው ላይ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ቁጥሩ ገብቶኛል፣ ግን ይህን ቁጥር ጭነት ለሚያስጭነው ሰው አንብቡለት አለ። በዚህ ላይ የተከራከረው የለም።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ከመንገድ ወጡ። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ግመል አስፋልት ይጎዳል ወይ ተባለ። አይጎዳም። አንዲት እህት ደሴ ሰፈሯ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ እናቷ በክረምት ጭቃ ሳይነካቸው ቡና ጠጥተው እንደሚመለሱ ጻፈች፤ ደስ ይላል። ሌላው ኮብልስቶን ለሀረጎም ይሁን አለ። ከባድ መኪና ዳገት ላይ እየገፋ ድንጋዩን ያንሸራትተዋል ብለው መለሱለት።

15ኛው ለእኔ የውይይቱ ልብ ነው። የጻፉት የቀድሞ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ የሆኑ አባት ናቸው። እሳቸው እየተናገሩ የልጅ ልጃቸው ነች የምትጽፈው። ስለ ሬንጅም ስለ ሮለርም አንድ ቃል አልተናገሩም። በወጣትነታቸው ክረምት ከመግባቱ በፊት ዶማና አካፋ ይዘው ከላይ እስከ ታች ቦይ ይጠርጉ ነበር። የውሃ ማሳለፊያ ትቦ አፉ ላይ አፈር ከተጠራቀመ አለቃቸው ደመወዝ ይቆርጥ ነበር። መንገድን የሚገድለው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ገብቶ መውጫ ያጣው ውሃ ነው አሉ። በእኛ በወሎ ደግሞ በልግም አለ፣ ክረምትም አለ። መንገዱ ሳይደርቅ ሁለተኛው ዝናብ ይደርስበታል። ከዚያ ለእኔ ሥራ ሰጡኝ። አስፋልቱን ማየት ትተህ ከላይ በኩል ያለውን ቦይ ሂድና እይ አሉኝ።

16ኛው ይህንን ደገፈ። ከ200 ዓመት በፊት ገደማ እንግሊዝ አገር መንገድ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ማክአዳም ያለው ይኼንኑ ነው አለ። ጭነቱን የሚሸከመው ከሥር ያለው የአገሩ አፈር ነው፤ ከላይ ያለው ንጣፍ ሥራው አፈሩን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ነው። ከዚያም በጣልያን ጊዜ የተሠሩ የድንጋይ ድልድዮችና ማሳለፊያዎች ዛሬም ቆመው መኖራቸውን እያደነቀ ጻፈ።

17ኛው ተቆጣ። ወራሪን ማመስገን ይቅር አለ። ድንጋዩን የተሸከመው የእኛው ሰው ነው፤ መንገዱም ጦር እንዲያልፍበት የተሠራ ነው። ደግሞም በዚያ ዘመን ያለፈው መኪና ከዛሬው ተሳቢ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማሳለፊያዎቹ የቆሙት ውሃው መንገድ ስለተሰጠው ነው፤ ይህን ለማየት ወራሪን ማመስገን አያስፈልግም።

18ኛው ከጃማ ነው። የእነሱ ችግር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ላዩ ላይ ያለው መንገድ በጠርዙ ርዝመት ይሰነጠቃል። 19ኛው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። አፈሩ ውሃ ውስጥ 4 ቀን ተዘፍዝፎ ከዚያ እንዴት እንደሚፈተን አስረዳ። ደረቅ ሆኖ እንደ ድንጋይ የነበረው ዋልካ ከ4 ቀን በኋላ ምንም አይሸከምም። አፈሩ ተቆርጦ ይወጣል፣ ወይም ኖራ ይቀላቀልበታል። ከ4 እስከ 6 ከመቶ ኖራ ብዙ ጊዜ ጠባዩን ይለውጠዋል። 20ኛው ያላሰብኩትን አመጣ። ዋልካ ላይ መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ አትትከሉ አለ። ሥሩ ርጥበቱን ከንጣፉ ሥር ይመጠዋል፤ ጠርዙ ይሰምጣል። ለጥላ ብለን የተከልነው ዛፍ መንገዱን ሊሰነጥቀው ይችላል ማለት ነው።

21ኛው ፌስታል ሰብስበን ለምን አስፋልት ውስጥ አንጨምርም አለ። ሕንድ ውስጥ ማዱራይ ያሉት ፕሮፌሰር ቫሱዴቫን የቆሻሻ ፕላስቲክ በጋለ ጠጠር ላይ አቅልጠው መለበጥን አስተዋውቀዋል፤ አገሪቱም በብዙ መንገዶች ላይ ተጠቅማበታለች። 22ኛው፣ የላቦራቶሪው ሰው፣ ሐሳቡን አልጣለውም። ግን ሁሉም ፕላስቲክ አይሆንም፣ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፒቪሲ ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል አለ። ቦዩ ከተደፈነ ደግሞ ፕላስቲኩም አያድነውም።

23ኛው ላይ መሐንዲሷ አንድ ደስ የሚል ነገር ነገረችን። ምርምር ሲባል ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአገራችን የመንገድ መሥሪያ ቤትና የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ አብረው ቀይ አሽን ለመንገድ አጥንተዋል። ቀይ አሽ ቀዳዳ የበዛበትና በቀላሉ የሚፈረካከስ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀው ነበር። ደቃቅ አፈር ተቀላቅሎበት ሲጠቀጠቅ ግን ጥሩ የመንገድ አካል እንደሚሆን የሙከራ መንገድ ሠርተው አሳዩ። በሀረጎ ዙሪያ ያለን ድንጋይ በአመዛኙ ጥቁሩ ነው፤ ቀይ አሽ የእኛ ላይሆን ይችላል። ግን እዚሁ ያለውን ይዞ መሞከር እንደሚቻል ያሳያል።

24ኛው የእኔ ነው። ኅዳር 2ኛው ቅዳሜ ከጎረቤቴ ታናሽ ልጅ ጋር ወደ ኩርባው ሄድኩ። እንደታዘዝኩት ከላይ በኩል ያለውን ቦይ ተከተልኩ። ቦይ የለም። ከተራራው የወረደ አፈር ሞልቶት ሣር በቅሎበታል። ትቦውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈለግን። አፉ በደለልና በፌስታል ጥርቅም ብሏል። ዝናብ ካቆመ ሳምንታት አልፈው ሳለ መሬቱ እግሬ ሥር ይረሰርሳል። ጉድጓዱ የሚወጣው ልክ ከዚያ በታች ነው።

25ኛው ላይ የላቦራቶሪው ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ስንጥቆቹ ዙሪያ ደቃቅ ጭቃ ደርቆ አይተሃል ወይ አለ። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ከፍቼ አየሁ። አለ፤ ነጣ ያለ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከሥር ያለው ውሃ እየተጨመቀ ደቃቁን አፈር በስንጥቁ ያስወጣዋል አለ። ሆዱ ባዶ ሲሆን ላዩ ይሰምጣል።

26ኛው መልስ ስለታም ነበር፤ ግን ተገቢ ነው። መምህር ሆነህ ሁለት በሽታ አንድ ላይ ቀላቅለህ ጠየቅክ አለኝ። ዳገቱ ላይ ጎማ የሚረግጠው ቦታ መጎድጎዱ የቅይጡና የቀሰስተኛ ከባድ መኪና ነገር ነው። ኩርባው ላይ ያለው ጉድጓድ የውሃ ነው። የመጀመሪያውን መንገዱ እንደገና ሲነጠፍ መሐንዲስ ያስተካክለዋል። ሁለተኛውን ግን ሬንጅ እየደፉ መሸፈን ገንዘብ መቅበር ነው። አመስግኜዋለሁ፤ ልክ ነው።

ከ27 እስከ 31 ቦዩን መቼ ወጥተን እንጥረግ የሚል ነው። የካቲት በልግ ከመጀመሩ በፊት የሚለው አሸነፈ። ሁለት ሰዎች ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ለምን እኛ ብለው ተቃወሙ። እኔም ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። 32ኛው ላይ የ3ኛው መልስ ባለቤት ብቅ አለ። በስርቆቱ ጉዳይ ሐሳቡን አልቀየረም። አካፋና ድጅኖ ይዞ እንደሚመጣ ግን ጽፏል።

33ኛው እኚያ አባት ናቸው። ትቦውን ከመክፈታችሁ በፊት በማዶ በኩል ወደ ማን እንደሚወርድ እዩ አሉ። ለዓመታት የቆመ ውሃ በአንዴ ከተለቀቀ የሰው ማሳ ይዞ ይሄዳል። መውጫው ላይ በድንጋይ ደረጃ ደረጃ ተሠርቶ ጉልበቱ መሰበር አለበት። ሄጄ አየሁ። ከታች የጤፍ ማሳ አለ። ባለቤቷ አንዲት አሮጊት እናት ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ስለሚወርዱ እሑድ ጠዋት ቤታቸው እንደማይጠፉ ጎረቤታቸው ነገረኝ። እሑድ ያለ አካፋ ሄጄ መጀመሪያ እሳቸውን አነጋግራለሁ።